ገብሱን በሣርነቱ ስጧቸው

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለሁለት ልጆቼ አባታቸው ሁለት ጥንቸሎች አመጣላቸው፤ ወንድሜ ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ጊኒ ፒግ ጨመረላቸው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እነርሱ ነው። የቸገረኝ ምግባቸው ነው። እናቴ አብራን ትኖራለች፤ ቆሎ ይዛ ስትቀመጥ ጥንቸሎቹ እግሯ ሥር ይሰበሰባሉ፣ እርሷም ታቃምሳቸዋለች። ልጆቹ ብስኩትና ሙዝ ይሰጧቸዋል። ውጭ አገር ያለች እኅቴ ደግሞ በእርጎና በማር የተለበጠ፣ ቀለም ያለው የጥንቸል መክሰስ በከረጢት ላከችልን። አሁን ጥንቸሎቹ ድርቆሹን ማየት አይፈልጉም፤ ብስኩት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። አንደኛዋ ከጅራቷ ሥር ጸጉሯ ላይ ለስላሳ በጠጥ እየተለጠፈባት ነው። እናቴን «አትስጪ» ማለት ከበደኝ፤ የልጆቹንም ደስታ መንጠቅ አልፈለግሁም። ምን ብንሰጣቸው ነው የሚጠቅማቸው? በበዓል ድፎ ዳቦው ሲቆረስ «ለእነርሱም ይድረሳቸው» ለሚሉት ልጆቼስ ምን ልበላቸው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣

ከጅራቷ ሥር በጠጥ የተለጠፈባት ጥንቸል ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል፣ ይህ ግን አያድርም። ዛሬውኑ ለብ ባለ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ እያረሰረሱ ያስለቅቁላት። አይጎትቱት፤ የጥንቸል ቆዳ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። ከዚያ በፎጣ በደንብ ያድርቋት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለረጠበች ጥንቸል አይመችም። እንደተለጠፈ ከቀረ ዝንብ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ትሉ ቆዳዋን መብላት እስኪጀምር አንድ ቀን ይበቃዋል። ትል ካዩ በቤት ውስጥ ሕክምና አይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ለምን እንዲህ እንደሆነች ማወቅ ቀሪውን ምክር ያቀልልዎታል። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ ትጥላለች። አንዱ ቤቱ ሲጠረግ የሚያገኙት ክብና ደረቅ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና በዘለላ የተያያዘ ነው፤ በዕውር አንጀቷ ውስጥ የተብላላ፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን የሞላበት ምግብ ስለሆነ ገና ሲወጣ ጎንበስ ብላ መልሳ ትበላዋለች። ጤነኛ ስትሆን ይህን አናየውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ያመሰኳል ብሎ፣ ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ግን እንዳይበላ ያዛል፤ በእኛ አካባቢ ጥንቸል ከድስት ይልቅ በልጆች እቅፍ የምትገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ በግ የሚያመሰኳ ጨጓራ ባይኖራትም አንዱን ምግብ ሁለት ጊዜ በሆዷ ማሳለፏ እውነት ነው።

ይህ ዕውር አንጀት ትንሽ ነገር አይደለም። በአንጀቷ ውስጥ ካለው ሁሉ 40 በመቶ ያህሉ እርሱ ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት የሣርን አሰር እያብላሉ ነው እርሷን የሚያኖሯት። ብስኩት፣ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ ሲበዛ ስኳርና ስታርቹ እዚያ ይደርስና ጠቃሚዎቹን ሕዋሳት ትቶ ጋዝና መርዝ የሚያመነጩትን ይቀልባል። የመጀመሪያው ምልክት ጥንቸሏ ለስላሳውን በጠጥ መብላት ትታ ጸጉሯ ላይ ሲቀር ማየት ነው። የእርስዎ ጥንቸል አሁን ያለችው እዚህ ላይ ነው። ካልታረመ አንጀቷ ይዘገያል፣ በጋዝ ይወጠራል። ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም፤ የገባው ወደፊት ካልሄደ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ጥንቸል ለ12 ሰዓት ያህል ሳትበላ ከዋለች ወይም ካደረች፣ በጠጧ ካነሰ ወይም ከቆመ፣ ተኮራምታ ጥርሷን ካፋጨች፣ «ነገ ይሻላት ይሆናል» ተብሎ አይጠበቅም።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም አንድ ነገር አስታውሱ። የአካባቢያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያክሙት በግ፣ ላምና አህያ ነው። በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ለጥንቸልም ለጊኒ ፒግም ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ የአንጀታቸውን ጠቃሚ ሕዋሳት ያጠፋባቸዋል። ለሰው ታዝዞ ከቤት የተረፈ ክኒን ከቶ አይስጧቸው፤ ሐኪሙንም ስለዚሁ በትሕትና ይጠይቁት።

አሁን ወደ ጉርሻው እንምጣ። የምክሬ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ለእነዚህ እንስሳት የሚሆን ጉርሻ ከራሳቸው ማዕድ ውስጥ የሚገኝ እንጂ ከእኛ ማዕድ የሚቆረስ አይደለም። ከምግባቸው ከአሥር እጅ ስምንቱ ድርቆሽ ወይም ንጹሕ ሣር መሆን አለበት። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የሚሞርደው ደግሞ ሣር ማኘክ ነው። ስለዚህ «ድርቆሽ አይፈልጉም» ያሉኝ ከመክሰሱ ምርጫ በላይ አሳስቦኛል።

ድርቆሹን ራሱን እስቲ ይመልከቱት። በመኸር በጊዜው ታጭዶ የደረቀ ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ አልጠፋም፣ ሲያሸቱት መዓዛ አለው። ቆይቶ የታጨደ፣ ዝናብ የመታው ወይም የሻገተ ከሆነ ጥንቸሎቹ እውነታቸውን ነው። የገብስ ገለባና የጤፍ ጭድ ለመኝታ ጥሩ ናቸው፤ ድርቆሽን ግን አይተኩም። ጥሩውን ድርቆሽ ሁልጊዜ እንዲትረፈረፍ ያድርጉና ብስኩቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሰው ያስቀሩት። አስርቦ ማስለመድ በጥንቸል ላይ አይሞከርም፤ ባዶ የዋለ አንጀት ይቆማል። ይልቅ ጥቂት የደረቀ ጦስኝ ወይም ናና እያሹ ድርቆሹ ውስጥ ይደባልቁላቸው፤ ሽታውን ፍለጋ ሲቆፍሩ ሣሩን መብላት ይጀምራሉ።

ለእናትዎ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። «አይስጡ» አይበሏቸው። ቆሎ ሲበሉ እንስሳ እግራቸው ሥር ቆሞ እያየ ዝም ማለት ለእርሳቸው ከባድ ነው፤ ያደጉበት ርኅራኄ ይህ ነውና ሊነካባቸው አይገባም። መለወጥ ያለበት የሚሰጡት ነው። ገብሱ ይቅርና የገብሱ ሣር ይምጣ። በገብስ አገር ለምትኖር ጥንቸል ከገብስ ቡቃያ የተሻለ ጉርሻ አላውቅም፤ ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭነቱ ከሣርነቱ አያልፍም፣ ትኩስ ነው፣ ዋጋውም ከብስኩቱ ያንሳል።

አዘራሩ እንዲህ ነው። ሰፋ ያለ ጣሳ ወይም ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን ይፈልጉና ውኃ እንዳያቁር ከሥሩ ይብሱት፤ በአራት ጣት ከፍታ አፈር ይሙሉበት። ሌሊቱን በውኃ የተዘፈዘፈ ንጹሕ ገብስ ጠጋ ጠጋ አድርገው ይዝሩና ስስ አፈር ያልብሱት። ቀን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ይሁን፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ እንዳይመታው ማታ ወደ ውስጥ ያስገቡት። በሁለት ሳምንት ገደማ ጣት የሚያህል ሣር ያገኛሉ። በመቀስ ከላይ ከላይ ሲቆርጡት ከሥሩ ዳግም ያቆጠቁጣል። አንዱ ሲቆረጥ ሌላው እንዲደርስ ሁለት ሦስት ጣሳ በየተራ መዝራት ነው። ገብሱ ለምግብ ከተሸጠው ይሁን። ለዘር የሚከፋፈለው በመድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ቀላ ያለ ቀለም ካለው አይንኩት። ከሥሩ ሻጋታ ካዩ ሙሉውን ጣሳ ይጣሉ። ብቅልም ቢሆን አይተካውም፤ ብቅል ቡቃያው የደረቀ እህል ነው፣ ስታርቹና ስኳሩ አብሮት አለ። ለመኖ የሚዘራ አጃ ያለው ዘመድ ካለዎትም ሳያፈራ በለጋነቱ የታጨደው አጃ እንዲሁ ነው።

እናትዎ ከሰዓት በኋላ ቆሏቸውን ይዘው ሲቀመጡ ከጎናቸው አንድ ጭብጥ የገብስ ሣር ይቀመጥላቸው። እርሳቸው ቆሏቸውን ይቆረጥሙ፣ ጥንቸሎቹም ከእጃቸው ይቀበሉ። ጥንቸል የምትለምደው እጁን፣ ሰዓቱንና ድምፁን ነው። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ለሣሩም እንደ ቆሎው እየሮጠች ትመጣለች።

ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ሁለተኛው ሀብታችሁ ናቸው። ከመንዝና ከጣርማ በር ተራሮች የሚመጣው ጦስኝ አንድ ሁለት ዘንጉ ለጥንቸልም ለጊኒ ፒግም ድግስ ነው። በሶብላ፣ የድንብላል ቅጠልና ናና እንዲሁ ጥሩ ናቸው፤ እያቀያየሩ በጥቂቱ ይስጧቸው። ጤና አዳም ግን ከቡና ጋር እንጂ ከእነርሱ ጋር አይሄድም፤ ይጎዳቸዋል።

ከአትክልት ካሮትን ብዙ ሰው የጥንቸል ዋና ምግብ አድርጎ ያስበዋል። ሥሩ ስኳር የበዛበት ስለሆነ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ትበቃለች። ገበያ ላይ ተገንጥሎ የሚጣለው ቅጠሉ ግን የሚሻለው ነው፤ ሻጯን ከነቅጠሉ እንድትሰጥዎ ይጠይቋት። የአበሻ ጎመንና አረንጓዴ ሰላጣ ከሌላው ጋር እየተፈራረቁ ይሰጣሉ። ቆስጣ አልፎ አልፎ ብቻ። ጥቅል ጎመን አንዳንዱን ሆዱን ይነፋዋል፤ ቢቀር እመርጣለሁ።

ፍራፍሬ ስኳር ነው፤ በዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። ከደጋው የሚለቀመው ፖም ፍሬው ወጥቶ፣ ከቆላው ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣው ፓፓያ ወይም ሙዝ፣ ሁሉም በዚያው በጥፍር ልክ፣ በሳምንት ቢበዛ ሁለት ቀን። የታመመችው ጥንቸል በጠጧ ክብና ደረቅ ሆኖ ጥቂት ሳምንታት እስኪቆይ ድረስ ከነጭራሹ አትቅመስ። የፖሙን ቅርንጫፍ ግን፣ መድኃኒት ያልተረጨ ከሆነ፣ እንዲያኝኩት ይስጧቸው። ከወንዝ ዳር የሚበቅለው የአኻያ ጭራሮም ለጥርሳቸው ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ቢኖርም ለዚህ አይሆንም፤ የኮክ እንጨትም እንዲሁ።

ልጆቹ እንዳይሰጡ አጥብቀው የሚነግሯቸው እነዚህን ነው፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ከረሜላ፣ ድንችና ልጣጩ፣ በተለይ የአረነጓደደና የበቀለ ድንች፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል። ከክረምት በኋላ የባቄላ እሸት ሲደርስ ልጅ ሁሉ ኪሱን ሞልቶ ይመጣል፤ ባቄላው ለጥንቸል ሆድ ከባድ ነው፣ አተሩም፣ ሽንብራውም። ፉርሽካና ፋጉሎ ለላሚቱ ይቆዩ።

ሣር ከደጅ ስታጭዱ ቦታውን ምረጡ። ከስንዴና ከገብስ ማሳ ዳር የሚታጨድ ሣር ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ የተረጨበት ሊሆን ይችላል፤ ባለ ማሳውን ሳይጠይቁ አይንኩት። ውኃ ከሚተኛበት ረግረግ የሚመጣ ሣር ደግሞ በጎቻችንን የሚፈጀውን የጉበት ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ትሉ ጥንቸልንም ይይዛል። ከደረቅ ሜዳ የታጨደ ሰርዶ ከሁለቱም ይሻላል። የታጨደ እርጥብ ሣር ተከምሮ ከዋለ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ የዕለቱን ለዕለቱ ማጨድ ነው። አልፋልፋ ከስድስት ወር በታች ላሉ ጥንቸሎች ጥሩ ነው። ላደጉት ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ጥቂት ዘንግ በጉርሻ ልክ ይበቃል። ሽንታቸው ወፍሮ እንደ ኖራ ከነጣ አልፋልፋውን ያቁሙና ለሐኪም ያሳዩ።

ከውጭ የመጣውን ከረጢት በተመለከተ፣ ሽፋኑ ላይ የጥንቸል ሥዕል ስላለ ለጥንቸል ይስማማል ማለት አይደለም። ያደገች ጥንቸል የወተት ስኳር አይስማማትም፤ ማሩና እርጎው የሚያማልለው ገዢውን ነው። የእኅትዎ ልብ ግን ደግ ነው። ሌላ ጊዜ መላክ ከፈለጉ ለጊኒ ፒግ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቫይታሚን ሲ የተጨመረበት የሣር እንክብል ይላኩ፤ የታሸገበትንም ቀን ይዩ፤ ቫይታሚኑ ሲቆይ እየቀነሰ ይሄዳልና።

ወደ ጊኒ ፒጉ መጣን። ጥንቸል ከአይጥ ወገን አይደለችም፤ ከላይኛው የፊት ጥርሷ ጀርባ የተደበቁ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሏት፣ የሳይንስ ሊቃውንትም ራሱን የቻለ ክፍል ውስጥ መድበዋታል። ጊኒ ፒግ ግን እውነተኛ የአይጥ ዘመድ ነው፣ አገሩም የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ድርቆሹ፣ የገብሱ ሣር፣ ጦስኙ ለእርሱም ይሆናል። የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር ነው። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 10 ሚሊ ግራም ከምግብ ማግኘት አለበት። ካጣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ያመዋል፣ ጸጉሩ ይንጨባረራል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየቀኑ ጣት የምታህል የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ከጎመን ቅጠል ጋር ይስጡት። የሚያቃጥለው ቃሪያ አይደለም። ቫይታሚኑን ውኃው ውስጥ መጨመር ብዙም አይረዳም፣ ቶሎ ይበላሻል። ከጥንቸሎቹ ጋር አንድ ቤት ካደረ ደግሞ ይለዩት፤ የጥንቸል የኋላ እግር እርግጫ አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል።

ሃምስተር የሚባለው ትንሽ የአይጥ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ሃምስተር እህል በል ነው፤ ጥሬ ገብስና ስንዴ የዕለት ምግቡ ይሆናል፣ ጥቂት ፍሬ የሱፍ አበባ ደግሞ ጉርሻው። የሚጎዳው ጉንጩ ውስጥ የሚጣበቅ ከረሜላና ማር ነው።

ለማንኛውም አዲስ ቅጠል አንድ ሕግ አለ። አንዱን ብቻ፣ በትንሹ ይጀምሩና ሁለት ቀን በጠጣቸውን ይመልከቱ። ደህና ከሆነ ሌላውን ይጨምሩ። ይህን ሥራ ለልጆቹ ስጧቸው፤ ደብተር ይያዙ፣ የተሰጠውንና የታየውን ይጻፉ። በሳምንት አንድ ቀንም በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗቸው፤ ክብደት መቀነስ ሌላ ምልክት ሳይታይ ቀድሞ ይናገራል። ደስታቸው ተወሰደብን አይሉም፤ ኃላፊነት ልጅን ደስ ያሰኘዋል።

የበዓሉ ነገር ቀርቷል። ድፎው አይድረሳቸው፤ ልጆቹን ግን «አይሆንም» ብለው ብቻ አይለፏቸው። በዋዜማው ከጣሳው የገብስ ሣር፣ ከጦስኙ አንድ ሁለት ዘንግ፣ ከካሮቱ ቅጠል እየመረጡ በእጃቸው ትንሽ እቅፍ ይሥሩላቸው፤ በክር አይታሰር፣ ክሩን ይውጡታልና። ድፎው ሲቆረስ እነርሱም የእነርሱን ያካፍሉ። ወለል ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ እንዳይበሉ ግን ይከልክሏቸው፤ ከረግረግ የመጣና የተረገጠ ነው። እንግዳ ሲበዛ ሁሉም አንድ ነገር ልቅመስላቸው ስለሚል ቤታቸውን ከሳሎኑ ራቅ አድርገው ጸጥ ያለ ቦታ ያኑሩላቸው፣ ድርቆሹንም ሞልተው ይተዉላቸው። በግርግሩ መሐል የጊኒ ፒጉ የዕለት ቃሪያ እንዳይረሳ አንዱን ልጅ ኃላፊ ያድርጉት።